የምጥ ሳንቲሞች

ፊልም አልወድም። ልጆቼ ቴሌቪዥኑን ከፍተው ሬሳ ከመቃብር ሲነሣ፣ ደም ሲንጠባጠብ እያዩ ሲንጫጩ፣ እኔ ብድግ ብዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ፈርቼ ይመስላቸዋል። «አይዞሽ እማዬ፣ እውነት አይደለም እኮ» ይሉኛል። እውነት አለመሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ንዴት ነው። ያን ጊዜ ዳንግላ፣ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የያዘኝ ንዴት፣ ፀጉሬ ሸብቶም አልለቀቀኝም። እንዲለቀኝም አልፈልግም።

ነገሩ የእናቴ ነው። እናቴ ከቆሰበር ወጣ ብሎ፣ በቀርከሃ በታጠረ ግቢ ትኖር ነበር። ዛሬ ሁሉም እንጅባራ ይለዋል፤ ለእኛ ግን ቆሰበር ነው። ከእናቷ የወረሰቻቸው ሦስት የጥንት ሳንቲሞች ነበሯት። አንዱ ወርቅ ወርቅ ይላል፣ ሁለቱ ናስ ናቸው። በአንድ ፊታቸው ዘውድ የደፋ ሰው፣ በሌላው መስቀል አለባቸው። የደብራችን ቄስ የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ነው ይሉ ነበር። ማን ከየት እንዳመጣቸው የሚያውቅ የለም። ተበስተው ቀጭን ጠፍር ገብቶባቸዋል። ጠፍሩ ሲበጠስ ይቀየራል፤ ሳንቲሞቹ እነዚያው ናቸው።

ሥራቸው አንድ ነበር። በአካባቢው ሴት ምጥ ሲይዛት ከቤቷ ሰው ይላካል። እናቴ ሳንቲሞቹን ይዛ ትሄድና በወላዷ ቀኝ አንጓ ላይ ታስርላታለች። ሴትየዋ መዳፏ ውስጥ ጨብጣቸው ታምጣለች። ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እዚያው አራስ ቤት ይቆያሉ፤ ከዚያ አራሷ ራሷ ልጇን አዝላ ትመልሳቸዋለች። እስከዚያ የሳንቲሞቹ ባለቤት «የት ደረሱ» ብላ አትጠይቅም። ሳንቲሙን መልሺ ማለት ልጁን መልሺ ማለት ነው ተብሎ ይፈራል። ቢቆይም፣ ቢዘገይም፣ አፍ አይከፈትም። ደግሞ የታሰረላት ሴት በወሊድ ከሞተች፣ ያሰረችው እጅ ከዚያ ወዲያ ምጥ ቤት አይገባም። በእናቴ እጅ የሞተች ሴት አልነበረችም። እናቴ በምንም ነገር ስትኮራ አላየኋትም፤ በዚህ ግን ትኮራ ነበር።

ፈረንጆቹ የመጡት እኔ አግብቼ ዳንግላ ከገባሁ፣ እዚያው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው። ዘንገና ሐይቅ ዳር ድንኳናቸውን ተከሉ። ሰው የሚያስፈራ ፊልም ሊሠሩ ነው ተባለ። የሙታን ፊልም። የአገሬውን ገበሬ እየቀጠሩ ፊቱን ዱቄት ቀብተው፣ አቡጀዲ አልብሰው፣ ሬሳ ሆነህ ከጫካው ውጣ ይሉታል። አርሶ የሚያበላ፣ ፈረስ ላይ ሲወጣ ግርማው ሌላ የሆነ ሰው ዱቄት ተለቅልቆ ሲንገዳገድ ይውላል። ይህንንም ሥራ አገኘን ብለን ተደሰትንበት።

አስተርጓሚያቸው የእኛው ሰው ነበር፤ የእናቴ ጎረቤት ልጅ። አዲስ አበባ ተምሮ፣ ኮት ደርቦ፣ እንግሊዝኛውን ሲያንበለብለው የሰማ ሁሉ አፉን ይከፍት ነበር። ስሙን አልጠራም። ልጆች አሉት፣ ልጆቹ ምንም አላደረጉኝም።

ይህ ሰው መጀመሪያ የመጣው እውነቱን ይዞ ነው። ፈረንጆቹ ለፊልማቸው የጥንት ሳንቲም ይፈልጋሉ፣ የእርስዎን ያውሱን፣ ይከፍሉዎታል አላት። እናቴ ለጨዋታ አልተሰጡኝም ብላ መለሰችው። አልተቆጣችም፤ ጠላ ቀድታ አጠጥታ ነው የሸኘችው። እዚህ ላይ ቢበቃው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። አብራው አንዲት ፈረንጅ መጣች፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ሆዷ ግን የገፋ። እናቴ እንደነገረችኝ ሴትየዋ ፈገግ እያለች በሩ ላይ ቆመች፣ እሱ ገባ።

«እማማ፣ ምጧ ተቃርቧል። አገሯ ሩቅ ነው፣ ሰው የላትም» አላት።

ልብ በሉ። ይህ ልጅ ያደገው እዚያው አጥር ሥር ነው። ለወላድ እምቢ እንደማይባል ያውቃል። ከተሰጠ በኋላ እንደማይጠየቅም ያውቃል። ፈረንጆቹ ይህን ከየት ያውቁታል? የነገራቸው እሱ ነው፤ በእኛው ልማድ እኛኑ ዘረፈን።

እናቴ ሁለተኛ ቃል አልጠየቀችም። ሳንቲሞቹን ከሙዳይዋ አወጣች፣ በሴትየዋ ቀኝ አንጓ ላይ አሰረች፣ በአገውኛ መረቀቻት፣ ፈረንጇ አገውኛ የማትሰማ መስሎ ስለታያት በአማርኛ ደገመችላት። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አለቻት፤ ለፈረንጅ አማርኛው ይሻላል ብላ ይሆናል። ለገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄትም አስያዘቻት። ሴትየዋ ጉንጯን ስማት ሄደች። ከጥቂት ቀን በኋላ ድንኳኑ ተነቀለ፣ መኪናዎቹ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ወጡ፣ ሳንቲሞቹም አብረው ሄዱ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በአካባቢው ሴት ምጥ ሲይዛት ሰው ይመጣል፤ እናቴ «አራስ ቤት ናቸው» ትላለች። የመጣው ሰው ይገባዋል፣ ይመለሳል። ወላዶቹ ባዶ እጃቸውን አማጡ። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ፣ እሷ አሁንም አራስ ቤት ናቸው ትላለች። ፈረንጅ አገር ክርስትና መቼ እንደሚነሣ ማን ያውቃል ትለኝ ነበር፤ መንገዱም ባሕር አለበት፣ ልጅ ታዝሎ በባሕር እንዴት ይመጣል።

ኋላ እኔ ራሴ አረገዝኩ፤ የመጀመሪያ ልጄን። አሁንስ ይበቃል፣ ለአስተርጓሚው ልንገረውና ለፈረንጆቹ ይጻፍላቸው አልኳት። እጇን አፌ ላይ ጫነችው። የሰው ልጅ ልታስገድዪ ነው ወይ ብላ ተቆጣችኝ። ሳንቲሞቹ ባይደርሱልሽ እኔ አለሁልሽ፣ ምጥሽ ሲቃረብ ዳንግላ መጥቼ እቀመጣለሁ አለችኝ። እኔም ቁርጤን አውቄ ተውኩት። እናት የሌለችበት የመጀመሪያ ምጥ ምን እንደሚያስፈራ የወለደች ታውቀዋለች፤ እሷ ካለችልኝ ሳንቲሙ ይቅር አልኩ።

የእርግዝናዬ የመጨረሻ ወር ገብቶ እናቴም ከእኔ ዘንድ እንደመጣች፣ ፊልሙ ዳንግላ ሊታይ ነው ተባለ። ያመጣው ያው አስተርጓሚ ነው። የፊልም መኪና ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ «የእኛው ዘንገና በፊልም» እያለ ያስለፍፋል። እናቴ ስትሰማ ፊቷ በራ። ሴትየዋን ላያት ነው አለች። በዚያው በእሱ እጅ ልልክላት ብላ ከቆሰበር ያመጣችውን ለጋ ቅቤ በኮባ ጠቀለለች፤ ለአራስ የሚላክ ቅቤ።

አዳራሹ የትምህርት ቤታችን ነበር። እንዲጨልም ብለው መስኮቶቹን በድንች ከረጢትና በብርድ ልብስ ጋረዷቸው። ውጭ የመኪናው ሞተር ይጮኻል፣ የባላገሩ ፈረሶች በድምፁ ይደነብራሉ። ፊት ለፊት በወንበር የተቀመጡት የመሥሪያ ቤት ሹማምንትና ሚስቶቻቸው ናቸው። ባላገሩ ከኋላ፣ አግዳሚ ላይና መሬት ላይ ነው። እኔና እናቴ መሐል ላይ አግዳሚ አገኘን። አስተርጓሚው ከጨርቁ አጠገብ የድምፅ ማጉያ ይዞ ቆመ።

ዘንገና ሲታይ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ቀጥሎ ሙታኑ ከጫካው ሲወጡ ሰው ይስቅ ጀመር፤ ዱቄት ቢቀቡም እየለየ ያ የእከሌ አባት ነው፣ ያ የእከሊት ባል ነው ይላል። አስተርጓሚው ታሪኩን ያስረዳል። ሴትየዋ ከሐይቁ ዳር ካለ መቃብር የሙታንን ገንዘብ ወስዳለች፤ ሙታኑ ገንዘባችንን መልሺ እያሉ ይከተሏታል። ይህን ሲል ጥርሴን ነከስኩ። በፊልም ውስጥ ያለ ሬሳ እንኳ ንብረቴን አምጪ ብሎ ይጠይቃል። እናቴ ብቻ ናት የማትጠይቀው።

ሴትየዋ ብቅ ስትል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ያችው ናት፣ ሆዷ የገፋ፣ በቀኝ አንጓዋ ላይ ያው ጠፍር። ሳንቲሞቹ እንደዚያ ገዝፈው ሲታዩ በዘውዶቹ ላይ ያለው ጭረት ሁሉ ይታይ ነበር።

«አየሽ፣ አልፈታችውም» አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ። ደስ ብሏታል።

ከዚያ ሴትየዋን ምጥ ያዛት። ሙታኑ ቤቱን ከበቡ። ትጮኻለች፣ ትንፈራገጣለች፣ ሳንቲሞቹን ጨብጣ። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ማርያም ማርያም ትላለች። ከኋላችን ያሉ ሴቶችም ተቀበሏት፤ አዳራሹ ግማሽ ያህሉ ምጥ ቤት ሆነ። ድንገት የሴትየዋ እጅ ተዘረጋ። ሳንቲሞቹ ከመዳፏ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። አንዲት ፀጉሯ የተንጨባረረ አሮጊት መጣችና ለቀመቻቸው፤ ሁለቱን በሞተችው ሴትዮ ዓይኖች ላይ፣ ሦስተኛውን በአፏ ውስጥ አደረገችው።

እናቴ ተነሣች። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቀዘቀች። ከዚያ በአገውኛ ሙሾ ማውረድ ጀመረች፤ ሰው የሌላት፣ በሰው አገር የቀረች፣ እናቷ ያልሰማች እያለች። ከባላገሩ ሴቶች አንዷ ተከተለቻት፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለአንዲት ፈረንጅ እውነተኛ ለቅሶ ተለቀሰ። እኔ ፊልም ምን እንደሆነ የማውቅ መምህርት ነኝ፤ አዲስ አበባ ለኮርስ ሄጄ አይቻለሁ። ያም ሆኖ እንባዬ መጣ።

ወንበሮቹ ላይ ያሉት ሳቁ። መጀመሪያ አፋቸውን በመሐረብ ይዘው፣ ኋላ በግልጽ። አስተርጓሚውም ሳቀ፤ የድምፅ ማጉያው ከአፉ ስላልራቀ ሳቁ በአዳራሹ ሙሉ አስተጋባ። «ፊልም ነው እኮ እናቶች፣ ተቀመጡ» እያለ ይስቃል። ያ ሳቅ ነው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለው። ቅቤው ከእናቴ እጅ ወድቆ ሰው ረግጦት ነበር።

ቤት ስንደርስ እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። እህል አልቀምስም አለች። በማለዳ ወደ ቆሰበር በሚሄደው የጭነት መኪና እንዳሳፍራት ጠየቀችኝ።

«ሰው የሞተበት እጅ ነው። ከምጥሽ ልራቅልሽ» አለችኝ።

ምጤ ዛሬ ነገ የሚባልበት ቀን ላይ ነኝ። ያለ እናቴ ልቀር ነው፤ ያውም ለእኔ ስትል። ለመንኳት። ጨዋታ ነው፣ ሰዎቹ ለማስመሰል የሚከፈላቸው ናቸው፣ ዱቄት የተቀቡትን የእኛን ሰዎች አላየሻቸውም ወይ፣ እነሱ ሞተዋል ወይ አልኳት። እሱን ተረዳችው። ሞኝ አልነበረችም።

«እሺ፣ ሞቱ ጨዋታ ይሁን። ቤቴ ደጃፍ ቆማ ያየሁት ሆድም ጨዋታ ነበር?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ወለል ብሎ የታየኝ።

አስተርጓሚው ያረፈበት ሆቴል ሩቅ አልነበረም። ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ ሄድኩ። ከሹማምንቱ ጋር ቢራ ይዞ ተቀምጧል፤ የባላገር ሴቶች እንዴት እንዳለቀሱ እያስመሰለ ያስቃቸዋል። የእናቴን ሙሾ ነው የሚያስመስለው። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ የዚያች ሴት ሆድ ምን ነበር ብዬ ጠየቅሁት።

ምንም አላፈረም። ጥጥ ነው፣ ለፊልሙ የታሰረ ጥጥ ነው አለኝ፤ አሁንም እየሳቀ። ሳንቲሞቹስ አልኩት። ፈረንጆቹ ወደዷቸውና ወሰዷቸው፣ እናትሽም ስላልጠየቀች የሰጠቻቸው መስሏቸው ነው አለኝ። ስላልጠየቀች። ለምን እንዳልጠየቀች አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ይለኛል።

«ተነሥ። እንደነገርከኝ አድርገህ ለእሷ ትነግራታለህ» አልኩት።

ነገ ይደርሳል አለ። እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ካልተነሣህ እዚሁ እወልዳለሁ፣ ጓደኞችህም ያዋልዱኛል አልኩት፤ ከልቤ ነበር። ሹማምንቱ ሳቃቸው ጠፋ። አንዱ ቢራውን ገፋ አደረገና ሂድ እንጂ ሰውዬ አለው። ተነሣ።

እናቴ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ነበር። እሱ በሩ አጠገብ ባርኔጣውን ይዞ ቆመ፤ ኮቱ ድንገት የሰፋው መሰለኝ። ሴትየዋ አልሞተችም፣ እርጉዝም አልነበረችም፣ ጥጥ ነበር እማማ፣ እኔ ነኝ ያልኩዎት አላት።

«ደህና ናት?» ብላ ጠየቀችው።

ደህና ናት አላት። «ተመስገን» አለች እናቴ። በዚያ ተመስገን እኔ ልፈነዳ ደረስኩ። ቢያንስ እርገሚው፣ ቢያንስ ጩኺበት ብዬ ልናገር ስል፣ ቀና ብላ አየችው።

«ሰው የላትም ነው ያልከኝ። እናትህ አንተን ስታምጥ በእግርህ ነበር የመጣኸው፣ ሁላችን ተስፋ ቆርጠን። እነዚያን ጨብጣ ነው የወለደችህ። አሁን ሂድ» አለችው።

ሄደ። በማግስቱ ግን ከነኮቱ ተመልሶ መጣ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎኝ ነበር። አንድ ከረጢት ሙሉ ሳንቲም አምጥቷል። ለፊልሙ ተብለው የተሠሩ፣ ከመቃብሩ ውስጥ ሲዘረገፉ የሚታዩት ናቸው፤ ከእርስዎ ሳንቲሞች ላይ ተቀድተው ነው የተሠሩት፣ ምንም አይለዩም አላት። እናቴ አንዱን አንሥታ በመዳፏ መዘነችው፣ በአውራ ጣቷም አሻሸችው። ወርቁ በጣቷ ላይ ቀረ። ሥሩ ቆርቆሮ ነበር። ሳንቲሙን ወደ ከረጢቱ መለሰችና ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። እኔ ከረጢቱን አንሥቼ ከአጥሩ ወዲያ ወረወርኩት፤ የሰፈሩ ልጆች ከቆርኪ ጋር ቀላቅለው ሲጫወቱባቸው ከረሙ።

እናቴ ግን በእጇ ሰው እንዳልሞተ ስላወቀች፣ ወደ ቆሰበር ሳትሄድ ከእኔ ዘንድ ቆየችልኝ። ምጤ የመጣ ዕለት አዲስ ጠፍር ቆርጣ በቀኝ አንጓዬ ላይ ባዶውን አሰረችልኝ፤ ሌላ ምን ታድርግ። ጨብጪ ስትለኝ የምጨብጠው ነገር አጣሁ፣ የእሷን ጣቶች ጨበጥኩ። ጎረቤቶቹ ዙሪያዬን ማርያም ማርያም ይላሉ። እኔ ያንን ሰውዬ እየጠራሁ እየረገምኩ፣ ጥጥህን ያስበላህ፣ ዓይንህ ላይ ቆርቆሮ ያስቀምጥልህ እያልኩ ወለድኩ። ማርያም ይቅር ትበለኝ እንጂ፣ አቅም የሰጠኝ እርግማኑ ነው። እናቴ ጣቶቿ አብጠው ሰንብተዋል።

እሱ ኋላ ትልቅ ሰው ሆነ፣ መኪና ገዛ፣ እናቴን መንገድ ላይ ሲያገኛት ወርዶ ይሰግድላት ነበር። እሷም ደህና ዋልክ ትለው ነበር። እኔ አልልም።

ሳንቲሞቹ አልተመለሱም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ከምጥ ቤት ሰው ሲላክባት መልሷ አልተለወጠም፤ «አራስ ቤት ናቸው» ትል ነበር። ተሰርቀዋል ብላ ብትናገር ወላዶቹ ይደነግጣሉ ብላ ነው፤ በሞት አልጋዋም ላይ ሆና እንዳልናገር አስማለችኝ። ወላድ ለሆነች ሴት አልናገርም፣ መሐላዬን ጠብቄአለሁ። ልጆቼ ግን የአያታችን ሳንቲሞች የት ገቡ ብለው ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። ፊልም ውስጥ ናቸው፤ ያልወለደች፣ ያልሞተች ሴት ዓይን ላይ።